ራስ ነቅናቂው

ከአዳማ በስተጀርባ፣ ከነፋስ መዘውሮቹ ማዶ፣
ሦስት ጉብታ አለ፣ ቀይ አሸዋ ለብሶ፣ ከእሳት ተወልዶ።
አንዱን በልተን ጨርሰናል፤ ሁለተኛው ተጋምሷል፤
ሦስተኛው ግራሩን እንደለበሰ ተኝቷል።

እኔ በሩ ላይ ነኝ፦ ዣንጥላ፣ ወንበር፣ መዝገብ፣
የሲኖ ትራክ ታርጋ ከማለዳ ጀምሮ ስከትብ።
ስንት ኪዩብ ወጣ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣
ብሎኬት ለመሆን ስንት ተራራ ሄደበት።

እሱ መዝገብ ውስጥ የለም።
ከወንበሬ ሦስት ክንድ ርቆ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው ቤቱ፤
እንሽላሊት ነው በቃ፤ አመድማ ጀርባው፣ ብርቱካን አንገቱ።
ፀሐይ ስትበረታ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣
እሱ ደረቱን ነፍቶ፣ ራሱን ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ሲያደርግ፣
ይሄስ እንደ እኔ ነው አልኩ፤ አለቃ ላለው ሁሉ እሺ፣
ለአቧራውም እሺ፣ ለጭነቱም እሺ፣ ለድማሚቱም እሺ።

አንድ ሰኞ ሶሬቲ መጣች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ፣
የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነክር ወጥመዱ በእጅ።
ቴርሞሜትሯን ድንጋዩ ላይ ታስቀምጣለች፣
«ሃምሳ ሁለት ዲግሪ!» ብላ ትስቃለች።
«ሶደሬ ፈለግን፣ የለም። ወንጂ ሸንኮራው ዳር የለም።
መተሐራ ጥቁር ድንጋዩ ላይ፣ ፈንታሌ ሥር፣ የትም የለም።
እነዚህ ሦስት ጉብታዎች ናቸው ለእሱ ዓለም።
ሁለቱ በል።
ሁለቱም አይሞሉ።»

«ሲይዙት ጭራውን ጥሎ ይሄዳል» አልኳት።
«ጭራ ያበቅላል» አለች። «ድንጋይ ግን አያበቅልም።»

«ደግሞስ ምን ያለ እሺ ባይ ፍጥረት ነው!
ስንቆፍር እሺ፣ ስንጭን እሺ፤ እምቢ የሚል አፍ የለው!»
ሳቀች፤ ሳቋ አለቀ፤ ክሩን በጣቷ ጠቀለለች።
«ጋሼ ሊበን፣ ይሄ እሺ አይደለም» አለች።
«ይህ ድንጋይ የእኔ ነው፣ ውረድ ማለቱ ነው።
ለሌላ ወንድ ይለዋል፣ ለአሞራ ጥላ ይለዋል፤
ለአንተም አሥር ዓመት ሙሉ ሲልህ ኖሯል።»

አሥር ዓመት።
ወንበሬን ክንድ ያህል ወደ ኋላ ገፋሁ።
ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ዓርብ ዕለት አቶ ሽመክት ሞተሩን ሳያጠፋ፣
መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣
«ሊበን፣ ሰኞ ዶዘሩ ሦስተኛው ላይ ይወጣል። ተስማማን?»
ድንጋዩ ላይ እሱ ነበር። አየሁት። አየኝ።
ደረቴን ነፋሁ።
ራሴን ዝቅ ከፍ፣
ዝቅ ከፍ አደረግሁ።

አቶ ሽመክት «ጎበዝ» ብሎ መስታወቱን ዘጋ።