አትንኩ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አገር ዞረን፣
አምስት ትኬት ቆርጠን፣ ሙዚየም አይተን፣
እግር ሲዝልብን መናፈሻ ገብተን፣
ሣሩ ላይ ልናርፍ ገና ጎንበስ ስንል
ዘበኛው ፊሽካውን ነፋብን፦ ክልክል!

በማግስቱ ደግሞ፣ ከመስታወት ኋላ፣
መብራት በርቶላት፣ ብቻዋን፣ ተነጥላ፣
አንዲት ጮጮ አየሁ። «ይቺማ ያክስቴ!
ጠፍሯ ራሱ!» አልኳት ለባለቤቴ።
ሳላስበው እጄ ሲዘረጋ፣ ረውዳ ያዘችኝ፤
«አትንኩ ይላል፣ አባ» ብላ አነበበችልኝ።

ደሴ ገብተን ሳምንት ሳይሞላን ወረድን፣
ሐይቅ፣ አክስቴ ዘንድ፣ ቸኮሌት ሸክፈን።
መስኩ እስከ ውሃው ዳር ጤዛ እንዳዘለ ነው፤
ልጄ ድንጋይ መርጣ ቆማ፣ «የሚረገጥ ነው?»
ማንን ጠየቀች? ላሟን። ላሟ ተኝታበት
ታመሰኳለች እንጂ ምን ፊሽካ አላት።

ከዚያ አክስቴ ጦይባ ጮጮዋን ይዛ መጣች፤
ረውዳ ሁለት እጇን ኋላዋ ደበቀች።
«ወተት ጠላች እንዴ?»
«መስታወቱስ?» አለች።

አክስቴ ዕንባ እስኪወጣት ሳቀች፦ «አብሽሪ ዓለሜ፣
ሲነኳት ነው እንጂ የኖረች ይህን ዕድሜ።»

ረውዳ ጠጣች፤ አረፋው አፍንጫዋ ላይ ቀረ።
ያኔ የተያዘ እጄም ጠፍሯ ላይ ዋለ፣ አደረ።