ኪስና ሳማ

ቆሎ የገዛሁበት ወረቀት የተማሪ መጽሐፍ ገጽ ነበር፤
ሥዕል አለበት፣ የአንዲት ትንሽ አውሬ፣ የማላውቀው አገር።
ስሟ ከላይ ተቀድዷል፤ ሻጯ ጋ ቀርቷል መሰለኝ፤
ከታች የተረፈውን በባትሪ አነበብኩ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ፦
«ከአይጥ ጥቂት ትበልጣለች። ልጇን በሆዷ ኪስ ትይዛለች።
ዱሩ ሲቃጠል ኪሷን ቋጥራ ትሸሻለች።
ቁጥሯ ከዓመት ዓመት…»
ከዚህ በታች የዘይት ወዝ ጠጥቶታል፤
የቀረውን ማንም ይሞላዋል።

ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ ከመጨረሻው ብሎክ ጀርባ፤
ሲሚንቶ እጠብቃለሁ፣ ጅብ እስኪወጣ፣ ሠራተኛ እስኪገባ።
ከቆርቆሮው አጥር ሥር ሳማ በቅሏል፤
የማያውቀው ይነካዋል፣ የነካው ያውቀዋል።
እሱን ብላ የምትመጣ ቢራቢሮ ናት፣
የዛገ ፌሮ መልክ ያላት፣
ክንፏ ጫፍ ላይ ኖራ የተረጨባት።
አምና ቆጥሬ ቆጥሬ ታከተኝ፤
ዘንድሮ ከአንድ አላለፈልኝ።

ቅጠሉን በእግሯ ትቀምሳለች፤ ይሄን ትታ፣ ያን ትታ፣
አንዲት ፍሬ እንቁላል ለጥፋ ሄደች፣ ሳትዞር፣ ሳታመነታ።
ኪስ የላት፣ ጡት የላት፣ እሹሩሩ አታውቅ፤
ለሚያቃጥል ቅጠል አደራ ሰጥታ የምትርቅ።

«ያቺ እናት፣ ይቺ ጥላ ሂያጅ» ብዬ ፈርጄ አደርኩ፤
ሲነጋ ፍርዱን ራሴ ሻርኩ፦
ኪስ ምን ያደርጋል፣ መሸሻ ዱር ከሌለ?
ሳማውስ ኪሷ አይደል፣ መሬት ላይ የበቀለ?

ዲንቂ ልጇን አዝላ አሸዋ ትነፋለች።
«ሳማውን እጨደው፤ ልጄ መዳህ ጀምሯል» አለች።
ካቦውም ደገመው። ማጭድ አነሳሁ።
እስከ ውሃው በርሜል ድረስ ጠረግሁ፤
ከበርሜሉ ጀርባ ባለችው ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤
በሦስት ስባሪ ብሎኬት ከለልኳት፤ እሷም ለበለበችኝ።

«ያቺን ለምን ተውካት?»
መልስ አጣሁ፤ ገጹን አሳየኋት።
አየችው፤ ሆዱን፣ ኪሱን፣ ከኪሱ ብቅ ያለች ጭንቅላት።
«ስሟ ማነው?»
«ተቀድዷል።»
ዝም ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው፤
ቀሪው ቆሎ መሬት ፈሰሰ፣
ከብሎኬቱ በዚህ በኩል፤
ልጁ እየዳኸ መጥቶ አንድ ባንድ ለቀመው።