የኩሩቪላ አንገት

ጥቁር ሰሌዳው ላይ በነጭ ጠመኔ
መንደሩን ሲስላት አይቻለሁ እኔ።
ሰባተኛ ቢ ነን። ከመስኮቱ ማዶ
የሰኔ ዶፍ አለ ከቆርቆሮ ወርዶ፣
ታች ራስ መኮንን ድልድይ ወንዙ እያጉረመረመ።
እሱ ግን ሩዝ ዘራ፤ ሰሌዳው ለመለመ።

ሚስተር ኩሩቪላ፦ ከደረት ኪሱ ሦስት እስክርቢቶ፣
አንዱ የሚጽፍ፣ ሁለቱ ለማዕረግ፤ ሱሪው እምብርቱን አልፎ ወጥቶ።
«ፑንጃካራ ትባላለች። ይህ ወንዝ። ጀልባው አንድ ለናቱ፣
ቀዛፊው ሲያተኩሰው ሰርጉም ይቀራል፣ ምርቱም ከነጆንያው ከቤቱ።
ይህ ፖስታ ቤት ነው፤ ግማሹ የልብስ ሰፊ ነው፣
ደብዳቤ ከዘገየ የሰው ኮት ነው ያዘገየው።
ይህ ንባብ ቤት፤ ጋዜጣው በቀን አንዲት፣
አንድ ሰው ያነባል፣ ሃያ ይሰማል፣ ከማሳ መልስ፣ በእርጥብ እግሩ፣ በፋኖስ መብራት።»

ወንድይፍራው እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ውሃ አለ?»
ሚስተር ኩሩቪላ አንገቱን ወዘወዘ እንጂ ምንም አላለ፦
ወደ ግራ ትከሻ፣ ወደ ቀኝ ትከሻ፣
እንደ ታሰረ ጀልባ በወንዝ መዳረሻ።
«አለ ነው? የለም ነው?» ክፍሉ በሳቅ ሞተ።
«መብራትስ?» አንገቱ እንደገና ዋተተ።
«ሐኪምስ?» ዳግመኛ። «መንገድስ?» ዳግመኛ።
እስከ ክረምት ድረስ ቋንቋችን ይህ ሆነ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ያለ እንግሊዝኛ።

ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አገሩ ገብቶ ሲጽፍልን፣
በዚያው ባንዱ እስክርቢቶ ሁሉን ሲዘረዝርልን።
ፓምፕ ነበረ፤ እጀታው ግን የጋራ፣
ከሁለት መንደር ጋር የሚጠበቅ በተራ።
ምሰሶ ነበረ፤ ሽቦው ያልደረሰ፣
ቁራ የሰፈረበት፣ እግሩን ምስጥ የላሰ።
ነርስ ነበረች፤ ረቡዕ ብቻ፣ በብስክሌት፣
ሐሙስ የሚያመው ሰው ይቆጥራል ስድስት ሌት።
እንዲህ ያለውን ምን ይሉታል? አለ ነው? የለም?
እኛ ስንስቅ፣ ሰውየው አልዋሸም፣ አልሸሸገም።

ዛሬ ስልሳ አራት ሞልቶኛል። ሰባ ደረጃ ሥር ነው ቤቴ፣
ካንዱ እስከ ሰባው ጄሪካን ይዤ ስቆጥር ያልቃል ጉልበቴ።
ቧንቧ አለኝ፤ ሐሙስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲሆን ይስላል፣
መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ እንደ ምንም ጠብ ይላል።
ስንዱ ናት የምትቀሰቅሰኝ፣ ባልዲ ከባልዲ አጋጭታ፤
ማንም ማንንም አይሰድብም በዚያ ሰዓት። በነጠላ ተሸፋፍኖ ወረፋ፣ በጨለማ ሰላምታ።
ከበላያችን አዲሱ የመንገድ አምፖል ሲንቦገቦግ ያድራል፣
የኔ ቆጣሪ ካርዱን ውጦ እንደ ጾመኛ ዝም ይላል።
ጎመን አለኝ፣ ሦስት መደብ፣ ከፈረሰው ቤት ግቢ ላይ፤
የኔ ነው? አይደለም? እሱም አንገት የሚያስወዘውዝ ጉዳይ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጅ መጣ፣ ታብሌት ይዞ፣
ኪሩቤል ይባላል፤ ደረጃውን ሲወርድ ጉልበቱ ደንዝዞ።
«እማማ፣ የቆጠራ ጥያቄ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።
የቧንቧ ውሃ፦ አለ? ወይስ የለም? ሌላ ምርጫ የለም።»
ጣቱ መስታወቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆመ።
አፌን ከፈትኩ። አንገቴ ግን ቀደመ፦
ወደ ግራ ትከሻ፣ ወደ ቀኝ ትከሻ፤
ሃምሳ ዓመት ታስሮ የቆየ ጀልባ ገመዱን ፈታ መጨረሻ።

ኪሩቤል ሳቀ። «እማማ፣ አለ ነው? የለም ነው?»
ስንዱ ከበሯ ሆና፣ «ሐሙስ ሌሊት ና፣ አብረን እናየው።»
ልጁ አንዱን ተጫነ። የቱን እንደሆነ አላየሁም።
ጎመኔን ላጠጣ ወረድኩ፤ ካፊያ ጀመረ። አላስፈለገም።