ያድግበታል

እናቴ ልብስ ስትገዛ ልኬን ጠይቃ አታውቅም፣
«ያድግበታል» ትላለች፣ ሌላ ምክንያት አትሰጥም።
ስሜን ይልቃል አለችኝ፤ ልብሴም ከእኔ ይልቃል፣
እጄ ከእጅጌው ይጠፋል፣ ሱሪው መሬት ይጠርጋል።
ጠዋት ሰልፍ ላይ ስንቆም፣ ቢቸና፣ ትምህርት ቤት፣
«ከዚያ ጃኬት ውስጥ ያለኸው፣ ውጣ!» አሉኝ ዩኒት ሊደሩ በፉጨት።
ቁመቴ ሲደርስበት ክርኑ ተበጣጥሶ፣
ልኬ በሆነ ሳምንት ለመወልወያ ደርሶ።

አሁን መሬት አስተዳደር ነኝ፤ የሰው ማሳ እለካለሁ፣
ሜትሬን ከችካል ችካል ስቤ ወሰን አስታርቃለሁ።
የእኔስ ደረት ስንት ይሆን?
እንጃ። የለካኝ የለም።

እህቴ ስንዱ ልትዳር ሁለት ሳምንት ሲቀራት
ሰልባጅ ተራ ወረድኩ፤ ዓይኔ አንድ ኮት አገኘ ድንገት፦
ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበሩ እንደ ዓሣ ሆድ የሚያበራ።
«ላንተ የተፈጠረ!» አለኝ ሻጩ።
ከእኔ በፊት የሞከረውንም እንዲያው ነበር ያለው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።
ገዛሁት።

ጋሽ ሽባባው በረንዳ ላይ፣ ከሲንጀሩ ኋላ፣
መነጽሩን በክር አስሮ፣ መርፌ በጥርሱ ይዞ፣
«ቁም» አለኝ። ቆምኩ። «እንዲህ አይደለም፤ እንደምትኖረው ቁም።
ሆድህን አታስገባ፤ ሰርግ ነው፣ መብላትህ አይቀርም።
ለዋሸ ደረት የተሰፋ ልብስ እስከ ጠላው አይቆይም።
ክንድህን አንሳ። እቀፈኝ፤ አዎ፣ እኔን፣ እንደ አማችህ።
ቁጭ በል። ጫማህን እሰር። ንገረኝ፣ የቱ ጋ ያዘህ?»

ከጀርባዬ ነበር፤ አንድ ሰው በጨርቁ የያዘኝ ይመስል።

«እጅጌው ረዝሟል፤ ይቆረጣል፣ ሻይህን ሳትጨርስ ይደርሳል።
ወገቡ ሰፍቷል፤ ከሁለቱ ጎን በስፌት ይገባል።
ሱሪ እንኳ ቢያጥር፣ ዘምዘማቱ ጨርቅ ከደበቀ ይወርዳል።
ትከሻ ግን...» ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰካ፣
«ትከሻ የቤቱ ምሰሶ ነው፤ እሱን ነቅለን ግድግዳ አንለካ።
መልሰው።»

«ርካሽ ነው እኮ፣ ጋሼ።»
«ርካሽ የምትለው የእኔን ሒሳብ ሳትጨምር ነው፣
ሁለቴ ከፍለህ አንዴ የማትለብሰው ነው ውዱ።»
ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ውሎ ነበር፣ ጨርሶ አልለቀቀውም፤
«አየህ፣» አለ፣ «አንዱ ልብስ ሰፋ፣ አንዱን ልብስ ሰፋው።
አንተ እስከ ዛሬ ሁለተኛው ነህ።»

መለስኩት። ሻጩ አጉረመረመ።
በምትኩ ቡኒ ያዝኩ፣ የማያምር፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው፣
ትከሻው ግን እንደ ወንድም እጅ ረጋ ብሎ ያረፈው።

ሲያጠብልኝ ተቀምጬ አንዲት ጥቁር የለበሰች መጣች፣
የባሏን ኮት በፌስታል፣ ልጇን በእጇ ይዛ።
ጋሽ ሽባባው ኪሱን ሲገለብጥ የጤፍ ፍሬ ረገፈ፤
ማንም ምንም አላለም።
«ለዚህ ቁረጥልኝ። ግን ሰፋ አርገው፤ ያድግበታል።»
እኔ ነኝ የደነገጥኩት፣ ልጁ ዝም ብሏል።

ልጁን ለካ። ቁጥሩን በጆሮው ሹክ አለው፣ እንደ ምስጢር።
«ልጁ የሚለብሰው ዛሬ ነው፣ እመቤት፤ ዛሬ ይመርበት።
እድገቱን ከውስጥ አጥፌ፣ እዚህ፣ አራት ጣት ትቼበት፣
ሲረዝም አምጪው፣ እተረትረዋለሁ።
ለመተርተር አላስከፍልም።»
ሴትየዋ ገና ያልታጠፈውን እጥፋት በጣቷ ስትፈልግ አየሁ።

የሰርጉ ጠዋት እናቴ ከደጃፉ አገኘችኝ፣
እጅጌዬን ልትጠቀልል፣ እንደ ልማዷ ያዘችኝ።
ፈለገች።
የሚታጠፍ ትርፍ ጨርቅ አጣች።
«ጠቦህ ነው?»
«ልኬ ነው፣ እማ።»
እጇን ሳታነሳ ትንሽ ቆየች።
«ታዲያ፣» አለችኝ፣ «ከእንግዲህ አታድግም ማለት ነው?»