ሐይቁ የሰጠው ቃል

የጎረቤት ቤት ሲነድ ጭሱን ብቻ ያየን፣
ከጦርነቱ ዳር ሳንለበለብ የቆየን፣
እኛ የስዊድን ሰዎች፣ በዚያ በሐምሌ ወር
ሰማዩን ጀመርን እንደ ሌባ መጠርጠር።
አንዱ ሲጋራ ነው አለ፣ አንዱ ክንፍ የሌለው ዓሣ፣
አንዱ ጅራታም እሳት፣ ደመና የሚበሳ፤
ጋዜጣው «የመንፈስ ሮኬት» ሲል ስም አወጣለት፤
ስም ካገኘማ በኋላ፣ መንግሥት ኮሚቴ አቆመለት።

እኔ የሃያ ዓመት ምልምል፣ የጦር ሰፈር ሾርባ ጠጪ፣
ጀልባ ቀዛፊ፣ መንጠቆ ጎታች፣ ጭቃ አውጪ፣
ከመቶ አለቃ ሄድቫል ጋር ወደ ሰሜን ተላክኩ፤
ሌሊት በማይጨልምበት አገር ለትንኝ ደም ገበርኩ።

አልፍሂልድ ነበረች ያየችው። በጀልባ መቆሚያው ጣውላ
ምንጣፏን በብሩሽ ስትፈትግ፣ ከጥዶቹ ጫፍ ኋላ
መጣ፤ ሐይቁ መሐል ገባ፤ ውሃው ግንብ ሆኖ ቆመ፤
ከዚያ ወፉ ሁሉ ጸጥ፤ ዝምታው ጆሮ አመመ።

«ቅርጹ?» ይላል መቶ አለቃው፣ እርሳሱን በምራቁ አርሶ።
«ረዥም።» «ቀለሙ?» «ቆርቆሮ፣ ፀሐይ ለብሶ።»
«ድምፁስ?» «ድምፁን ተወው፤ ከኋላው ዝም ያለውን ጻፍልኝ።»
«ለዝምታ ቦታ የለውም፤ ቅጹ እንዲህ ነው የተሰጠኝ።»
ከዚያ ወደ ላይ ተመለሰ፣ ወደ ዘለላት ቁጥር ሦስት፦
«ባለ ትዳር ነዎት?»

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ።
«ባሏማ ኖርዌይ ነው።»

ነገሩን ማታ ሰማሁት፣ ጀልባውን ካከራየን ሽማግሌ።
ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት፣ ባሏ ቶርኒ
የግንድ ቆራጮቹን የክረምት ደመወዝ በብረት ሣጥን ቆልፎ፣
ግራጫ ፈረሱን በበረዶ ጋሪ ጠምዶ፣ በማለዳ አልፎ
ሄደ። አልደረሰም። በረዶው ጽኑ ነበር ይላሉ፣ የሚሸከም፤
መንደሩም ፈረደ፦ በልቶ ተሻግሯል የሰው ድካም።
ቄሱ «ለሞቱ ማስረጃው የታል?» ብለው ጸሎት ነፈጓት፤
ባለ ሱቁ ሳንቲሟን እየነከሰ ስኳር ሸጠላት።

ሦስት ሳምንት ሐይቁን አበጠርነው፣ በመረብ፣ በማግኔት፤
ጠላቂው ፎልኬ የናስ ቆቡን ደፍቶ ሲወርድ ወደ ጽልመት
እኛ ከላይ አየር እንነፋለን።
ሰማይን ፍለጋ ጭቃ ዛቅን፣
ዛቅን፣ ዛቅን።
በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መንጠቆዬ ከበደ።
«ያዝኩ!» ብዬ ጮኽኩ። መቶ አለቃው ካሜራ ሊያመጣ ወረደ።

የወጣው የፈረስ አንገት ቀበቶ ነው፣
ከነቃጭሉ፤ ነሐሱ አረንጓዴ፣ ሆዱ ደለል የደፈነው።
ብነቀንቀው ድዳ።

አልፍሂልድ ብሩሿን ጥላ ከነቀሚሷ ውሃ ገባች፣ እስከ ወገቧ፤
ደለሉን በጥፍሯ ፈልፍላ አወጣች፤
አንዴ ብቻ ነቀነቀችው።
ያንን ድምፅ ልጽፈው አልችልም፤ ለእሱም ቦታ አልነበረው ቅጹ።

ከሰዓት በኋላ ፎልኬ ሣጥኑን አወጣ፣ እንደተቆለፈ።
መንደሩ ዳር ላይ ቆሟል፤ ማንም ቃል አልተነፈሰ፤
ሳንቲም ሲነክስ የኖረ ጥርስ ያን ቀን ከንፈር ነከሰ።

ሪፖርቱን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ፦
«የበራሪ አካል ስብርባሪ፦ አልተገኘም። የሐይቁ ወለል፦ ደለል።
የታየው ነገር ምንነት፦ ሊወሰን አልተቻለም።»
ስጨርስ መቶ አለቃው ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ ባዶ የተወውን
ቁጥር ሦስት በብዕር ሞላው፦ «ባል የሞተባት።»
ማኅተሙንም እዚያው ላይ መታ፣
ጠበቅ አድርጎ።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። የልጅ ልጆቼ ጓደኞች ይመጡና
«ታዲያ ምን ነበር?» ይሉኛል፣ ዓይናቸው ወደ ደመና።
እኔ ምን አውቃለሁ?
አልፍሂልድም «ያየሁትን አይቻለሁ» እንዳለች አረፈች።
እኔ የማውቀው ክብደቱን ነው፣
በገመዱ ጫፍ፣ በዚህ መዳፍ።