ዲ ያልፋል?

ስድስት ኪሎ ግቢ፣ መስኮት ቁጥር አራት፣
ሰልፍ ይዣለሁ ዛሬም፣ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት።
ከፊቴ አንድ ልጅ አለ፣ ፋይሉ የጠፋበት፣
ከኋላዬ ሌላ፣ ዲግሪው የዘገየበት፤
እኔ ግን የያዝኩት አንዲት ፊደል ብቻ፣
ውጤቴ መሃል የተጎለተች እንደ ጉልቻ።

«ዲ» ትባላለች።

ኮርሱ ሒሳብ ነው፤ የጋራ፣ የሁሉ፣
አንደኛ ዓመት ላይ ውሰዱት የሚሉ።
ታሪክ ተማር፣ ቋንቋ፣ ቢያሻህ ፍልስፍና፣
ሳትቀረጥ አታልፍም፣ የበር ኬላ ነውና።

እኔ የማታ ነኝ። ቀን የምውልበት
ከፈረሰው ፒያሳ የተረፈ ኬክ ቤት፣
ገንዘብ ተቀባይ ነኝ።
«ሒሳብ!» ይላል አንዱ፤ «ሒሳብ!» ይላል ሌላ፤
ሁለት ማኪያቶ፣ ሚልፎኝ፣ ሻይ ደግሞ በኋላ፤
በጭንቅላቴ ነው፣ ማሽን ሳልጠጋ፣
መልስ ሳላዛንፍ፣ ክረምት ከበጋ።

የማታው ሒሳብ ግን ቁጥር የለውም እኮ፣
ፊደል ነው የሞላው፣ ኤክስ ዋይን ታክኮ።
የፈተናው ዋዜማ ቆጠራ ነበረን፤
ሲኒ ከነማንኪያው፣ የስኳር ከረጢት፣
እስከ እኩለ ሌሊት ስንቆጥር ቆየን፤
ሲነጋ ፈተናው እኛን ሲቆጥር አየን።

ተራዬ ደረሰ። ብዕር ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣
አቶ ልሳነወርቅ፣ እጃቸውን ዘርግተው
ወረቀቴን ወስደው ረጅም አዩትና፣
«ዲ» አሉ፤ ዝም አሉ፤ ደገሙት እንደገና።

«ያልፋል ወይ?» አልኳቸው።
«ያልፋል» አሉ።
እፎይ ልል ስል ግን ጣታቸውን አነሡ፦
«ማለፉስ ያልፋል፣ ልጄ፤ ኤፍ አይደል እርሱ።
ክሬዲቱ ይቆጠራል፤ ሦስቱም ገብቶልሻል።
ለጋራ ትምህርቱ ግን ደንቡ ሲ ይልሻል፤
ከሲ ካነሰ፣ ግዴታው አልሞላም።»
«እና አልፌያለሁ? ወይስ ወድቄያለሁ?»
«አልፈሻል። አላሟላሽም።
ቀጣይ!»

ቋንቋ ነው የማጠናው፤ ይህን ቃል አውቃለሁ፤
ስንት ድንኳን ውስጥ፣ ስንት ለቅሶ ሰምቻለሁ።
ልጅ ለሞተባት ሴት «ያልፋል» ይሏታል፤
ቤቱ ለፈረሰ «ያልፋል» ይሉታል፤
በሲ ይሁን በዲ ማን ይጠይቃቸዋል?
ስማቸው ልሳነወርቅ፤ የሰጡኝ ግን ሰሙን፣
ወርቁን መስኮቱ ጋ አስቀርተው ለደንቡ።

በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ዝናብ አባሯቸው
ኬክ ቤቱ ገቡ። ወዲያው አወቅኋቸው።
እሳቸው አላወቁኝም፤
በመካከላችን መስታወት የለማ።
አንድ ሻይ፣ አንድ ቦምቦሊኖ፤ ሰማንያ አምስት ብር።
ኪሳቸውን ዳብሰው ሰማንያ አወጡ፤
ሌላውን ዳበሱ፣ ምንም አላመጡ።
«አምስት ጎደለኝ» አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ።

ስምንት ቀን ያሰብኩት መልስ ነበረኝ፤
«ሻዩ ተከፍሏል፣
ቦምቦሊኖው ግን ግዴታውን አልሞላም»
ልል ነበር እኮ፤ እምላሴ ላይ ነበር።
የወጣኝ ግን፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣
«ያልፋል፣ አባባ» የሚል ሆነ።

በማግስቱ በሩን ስከፍት፣ ቆመው አገኘኋቸው፤
ካፖርታቸው ርሷል፣ አምስት ብር በእጃቸው።
ከስድስት ኪሎ ድረስ፣ ታክሲ ተሳፍረው፣
ለአምስት ብር ዕዳ ከዚያ በላይ ከፍለው።
«ያልፋል ብዬዎት የለ?»
«ማለፉስ አልፏል» አሉ፤ «አልሞላም ነበር እንጂ።»

ሳቄ መጣ። ንዴቴም መጣ። ሁለቱም አብረው።
ምን ይሏቸዋል እንዲህ ያለን ሰው?
ስድቤን ዋጥኩና ደረሰኝ ቆረጥኩላቸው፤
አጥፈው፣ አጥፈው፣ ከተቱት ደረት ኪሳቸው።

መስከረም ላይ ተመዝግቤያለሁ፤ ከፍያለሁ
(የከፈልኩት አሁንም ያንገበግበኛል)።
ፊት ወንበር ላይ ነኝ። መምህሩ በጠመኔ
«ኤክስን ፈልጉ» ይላል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ለእኔ።
የደብተሬ ዳር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
ሰማንያ ሲደመር ኤክስ፣ ሰማንያ አምስት።
ከሥሩ ደግሞ፦ ዝናብ። ካፖርት። የጠዋት በር።
ደወል እስኪደወል ሳየው ቆየሁ፤
አልሰረዝኩትም።