እግር የሌለው ቤት

አባቴ ይርዳው ጠየቀኝ፣ ከጊቭዓት ኦልጋ ሰገነት፣
«እግሩ የት ነው፣ ልጄ፣ የምትሠሪበት ቤት?»

እግር የለውም፣ አባ።
ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ውሃ ከሥሩ ተኝቶ
የትኛው ምሰሶ ይደርሳል፣ ከየት ጫካ መጥቶ?
መርከብ ነው፤ ግን አይሄድም።
ዐሥራ አራት ገመድ ይዞታል፣ ጫፋቸው ጭቃ ውስጥ ጠልቆ፤
መልሕቁ መንጠቆ አይደለም፣ የተደፋ ጣሳ ነው፣ ቁመቱ ከቤት ጣሪያ ልቆ፤
ውሃውን ከሆዱ መጥጠው ሲያወጡበት
ባሕሩ ራሱ ተጭኖ ይተክለዋል፣ መዶሻ ሳይመቱበት።

«ታዲያ አጥብቃችሁ እሰሩት!» አለኝ፣ በሬ ጠምዶ እንዳደገ ሰው።
አይሆንም፣ አባ፤ የተወጠረውን ነው ማዕበል የሚበጥሰው።
የላላ ደግሞ ይለቀዋል፣
ይዋልላል፣ ቱቦውን ይቀነጥሳል።
ስለዚህ ጥቂት ይሂድ፣ ይመለስ፣ ይተንፍስ እንላለን፤
እኔና ግሪሻ ሌሊቱን ቁጥር እናያለን።
ዘጠነኛው አመለኛ ነው፤ እሱን ለብቻው እንጠብቃለን።

ጋዙ ብቻውን አይወጣም፤
ውሃና ዘይት አስከትሎ፣ እንደ ሠርገኛ ጤፍ ተደባልቆ፣
በሚተጣጠፍ ቱቦ ይመጣል፣ ከጨለማው ተላቅቆ።
ጋኑ ውስጥ ሲያርፍ ይለያያል፦
ውሃው ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ጋዙ ሽቅብ ይላል።
ታች ግን ብርዱ ክፉ ነው። ጋዝና ውሃ ተቃቅፈው በረዶ ይሆናሉ፣
ክብሪት ቢጭሩበት የሚነድ በረዶ! ቱቦውን ይደፍናሉ።
መድኃኒቱን የምንልከው በቀጭን መስመር ነው፣ ከመርከቡ እስከ ጉድጓዱ አፍ፤
«እትብት» ይሉታል።
አባቴ ዝም አለ። ስልኩ ውስጥ የኦልጋ ነፋስ ሲያልፍ፣ ሲያልፍ፤
«የኔ» አለ ቆይቶ፣ «ወገራ፣ ከበረቱ ደጃፍ።»

በጥር፣ በዚያ ማዕበል፣ የዘጠኝ ቁጥር ወደቀ፤
ግሪሻ ሻዩን ደፋ፤ የኔም ጉሮሮ ደረቀ።
ሰው አይወርድ፣ ጀልባ አይቀርብ፤ ሳንተኛ ነጋልን።
ገመዱ ደኅና ነው፤ መለኪያው ነው ያታለለን።

ጠዋት ለአባቴ ደወልኩ። ያለከልካል።
«አሳንሰሩ» አለ፣ «ሁለት ወሩ፤ ኮሚቴው ነገ ይላል።»
ከባሕር ወለል የጎተትኩት ጋዝ፣ የዶርን ዳርቻ አልፎ፣
የሐዴራን ተርባይን አዙሮ፣ የከተማውን መብራት ደግፎ፣
አባቴን ስድስት ፎቅ አላወጣም!
ሦስተኛው ላይ አርፏል፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።
«እኔስ እደርሳለሁ» አለኝ፣ ንዴቴን ሊያበርድ ቀድሞ፤
«ዘጠነኛው ግን እንዴት አደረ?»